ስድስቱን አሠልጣኞች በደረጃ ያስቀመጥኩበት መኸር

ስለ እግር ኳስ የማውቀው ነገር ቢኖር ኳሷ ክብ መሆኗን ብቻ ነበር። እሱንም ያወቅኩት ወንድሞቼ የሳሎኑን መስታወት ሲሰብሩ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኦስሎ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ስድስት ዋና አሠልጣኞችን መዝኜ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ በደረጃ አስቀምጬ እንደነበር ለሰው ስነግር ሁሉም «አንቺ ደግሞ ኳስ የት ታውቂያለሽ?» ስለሚለኝ ነው። አላውቅም። የተመረጥኩትም ስለማላውቅ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። የጥናቴ ርዕስ ረጅም ስም ነበረው፤ ሲያጥር ግን፣ በሳልሞን ዓሣ ገላ ላይ የሚጣበቀው ቅማል እያንዳንዱ ዓሣ ሳይያዝ እንዴት ይቆጠራል የሚል ነው። እናቴ በስልክ «ምንድን ነው የምታጠኚው?» ስትለኝ «ስታቲስቲክስ» ብዬ አልፋለሁ። የቅማሉን ነገር አላነሳባትም። ያን ሁሉ ባሕር የተሻገርሽው ለዚህ ነው እንዳትለኝ።

የምኖረው ሞርተንሩድ ነበር፤ ባቡሩ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብሎ የሚቆምበት ሰፈር። አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ባልየውን ጋሼ፣ ሚስቲቱን እትዬ እላቸዋለሁ። ጋሼ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበት ክፍል ይሠራሉ፤ መቀስና መቆንጠጫ ሲያፈሉ ውለው ይመጣሉ። እትዬ ባርነሃገ፣ ማለትም ሕፃናት ማቆያ፣ ይሠራሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕፃናት ጫማ ሲያጠልቁና ሲያወልቁ ይውላሉ። ኦስሎ የተወለደች አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፣ መምህርነት ትማራለች። አማርኛዋ ጥሩ ነው። ስትናደድ ብቻ መሃል ላይ ወደ ኖርዌይኛ ይገለበጥባታል።

ጋሼ ከመቀሱና ከመቆንጠጫው ሌላ፣ የሚኮሩበት ሥራ ነበራቸው። ልጃቸው የምትጫወትበት የመምህራን ኮሌጅ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ናቸው። ኮሌጆቹ ወንዱም ሴቱም ተቀላቅሎ የሚጫወትበት ውድድር አላቸው፤ በእነ ጋሼ ምድብ ስድስት ቡድን ነበር፤ ስድስት ቡድን ማለት ደግሞ ስድስት አሠልጣኝ ማለት ነው። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የቀበሌ ቡድን አሠልጥነዋል። ያ ቡድን ዋንጫ ለመብላት አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት እንደነበር እኔ በኖርኩበት ጊዜ ውስጥ ብቻ ስፍር ቁጥር ለሌለው ጊዜ ሰምቻለሁ።

የሚያሠለጥኑት በአማርኛ ነው። ኖርዌይኛ ስለማይችሉ አይደለም፤ ከእኔ የተሻለ ይናገራሉ። ግን «ኳስ በኖርዌይኛ አትሞቅም» ይላሉ። ተማሪዎቹ ጸጉራቸው ገብስ የመሰለ ልጆች ናቸው፤ ሜዳ ላይ ግን «ክፈት!» ሲባሉ ይከፍታሉ፣ «ዝጋ!» ሲባሉ ይዘጋሉ። ከሰሜን የመጣ ሁለት ሜትር የሚሆን ተከላካይ ነበራቸው። ጋሼ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አትተኛ! አትተኛ!» እያሉ ስለሚጮሁበት፣ ልጁ «አትተኛ» ማለት እሳቸው በፍቅር ያወጡለት ስም ይመስለው ነበር። እኔን ሲተዋወቀኝ እጁን ዘርግቶ «አትተኛ እባላለሁ» አለኝ። ላርመው አስቤ ነበር። ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት ሳይ ተውኩት።

የውድድሩ ስቲረ በየዓመቱ ከምድቡ ምርጥ አሠልጣኝ ይመርጣል። ስቲረ ማለት ኮሚቴ ነው፤ ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ከተገኘ ስቲረ ይሆናል። ባለፈው ዓመት አሠልጣኞቹ ራሳቸው ድምፅ ይስጡ ተብሎ ነበር። ስድስቱም ራሳቸውን መረጡ፤ ስድስት አንደኛ ወጣ። ዘንድሮ ስለዚህ ገለልተኛ ሰው ይፈለግ ተባለ። የጋሼ ልጅ ስብሰባው ላይ እጇን አውጥታ «እኛ ቤት የዓሣ ቅማል የምትቆጥር ሴት አለች» አለች።

የስቲረው ሊቀ መንበር ሕግ የምትማር ቀጭን ረጅም ልጅ ነበረች። ብስክሌት ትነዳለች፤ የብስክሌት ቆቧን ደግሞ በስብሰባ ላይም አታወልቅም። ዩኒቨርሲቲው ካፌ ቀጠረችኝና ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠየቀችኝ።

«ስለ እግር ኳስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም።»

«ግሩም! የምትደግፊው ቡድን አለ?»

«የለም።»

«ከአሠልጣኞቹ የምታውቂው አለ?»

«አንደኛው አከራዬ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትንሽ አሰበችና «ትወጂዋለሽ?» አለችኝ። አገሩ እንዲህ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም የለም።

«እንደ ቀኑ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ይዘው ስለማይለቁ።

«እንግዲያው ገለልተኛ ነሽ» ብላ ጻፈችው።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ጋሼ ወሬውን ከልጃቸው ሰምተው ጠበቁኝ። «እኔን እንዳታስቢኝ» አሉኝ። «ሥራ ሥራ ነው። ሚዛን አባትም እናትም የለውም። እኔ እዚህ ቤት እንደሌለሁ ቁጠሪው።» ይህን ብለው ከወጡ ውስጥ ዋናውን ሥጋ እየመረጡ ወደኔ መግፋት ጀመሩ። እትዬ አዩአቸውና «ሚዛኑ እየከበደ ነው» አሉ። በማግስቱ የክፍሌ ማሞቂያ ተሠርቶ አገኘሁት፤ ሰባት ወር ሙሉ «ይህ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል» ሲባልልኝ የነበረ ማሞቂያ ነው። በሦስተኛው ቀን መታጠቢያ ቤቱ ጠዋት ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። እንግዲህ ሰው እንዲህ ሲያደርግልህ አለመውደድ ይከብዳል፤ ገለልተኝነቴ በሳምንቱ ውስጥ በጣም ተጎዳ።

ሥራውን ግን በሚገባ ያዝኩት። ቅማል ስቆጥር የለመድኩት ነገር አለ፤ መጀመሪያ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ይወሰናል። አምስት መለኪያ አወጣሁ። ቡድኑ ስንት ጨዋታ አሸነፈ፤ ካምናው ምን ያህል ተሻሻለ፤ ስንት ሰው ተጎዳ፤ ስንቱ ልምምድ ላይ ይገኛል። አምስተኛውን ስቲረው ጨመረብኝ፤ ትሪቭሰል ይባላል፤ በቦታህ ደስ ብሎህ መዋል ማለት ነው። ኖርዌጂያኖች ከሕፃናት ማቆያ እስከ እስር ቤት ትሪቭሰል ይለካሉ። ለተጫዋቾቹ ሁሉ መጠይቅ በተንሁ፤ አሠልጣኞቹንም እየዞርኩ አየሁ።

የንግድ ኮሌጁ አሠልጣኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነው የሚቆመው፤ በእረፍት ሰዓት ክራቫቱን ይቀይራል። የእንስሳት ሐኪሞቹ አሠልጣኝ ተጫዋች ከመቀየሩ በፊት ባቱን እየዳበሰ ያያል፤ አንዷን አማካይ ጥርሷን ሊያያት እንደነበር በመጠይቁ ላይ ጽፋለች። የሥነ መለኮቱ አሠልጣኝ የእሱ ቡድን ጎል ሲያገባ ተጋጣሚውን ይቅርታ ለመጠየቅ ይሄዳል። የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ሰው ራሱን የመዘነበት አርባ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ፤ በእሱ ቀመር አንደኛ ነው፤ በቀመሩ ውስጥ ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

የቀረው የነርሶቹ ኮሌጅ አሠልጣኝ ነው። ልምምዳቸው ላይ ሁለት ጊዜ ብሄድ አጣሁት። «የት ነው?» ስላቸው «ሲከሜልዲንግ ላይ ነው» አሉኝ፤ የሕመም ፈቃድ ማለታቸው ነው። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ትንሽ ጀልባ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሲያወርድ ወገቡ ተቀጨ። ሰው ታሞ እያለ ቦታውን ለሌላ መስጠት ነውር ስለሆነ ማንም አልተካውም። ፕሪንስዳል ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ወገቡ አልጋ አይችልም ተብሎ ሳሎን ወለል ላይ በጀርባው ተኝቷል። ወንበር ላይ ብቀመጥ አንገቱን ማንጋጠጥ ሆነበት፤ ስለዚህ እኔም ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ስለ ቡድንህ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«የትኛው ቡድን?»

«የነርሶቹ።»

ጣሪያውን እያየ አሰበ። «አሁንም ይጫወታሉ እንዴ?» አለኝ።

መረጃውን ሁሉ ሰብስቤ፣ ኮምፒውተሬ ላይ አስገብቼ ቁልፉን ስጫን፣ አንደኛ የወጣው ይህ ሰው ነው። እንደገና ሠራሁት፤ አንደኛ። መለኪያዎቹን እየቀያየርኩ ሠራሁት፤ አንደኛ። ነርሶቹ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተሸነፉት። ማንም አልተጎዳባቸውም፤ ቢጎዳም ራሳቸው ያክማሉ። ልምምድ ላይ ሁሉም ይገኛል፤ የሚቆጣ የለማ። በትሪቭሰልም «ስለ አሠልጣኝህ ምን ይሰማሃል?» ለሚለው ሁሉም «ይማረው» ብለው ጽፈው ነበር፤ ይህን ዝቅ አድርጌ ማስላት ኅሊናዬ አልፈቀደም።

ስድስተኛው ጋሼ ነበሩ።

በትሪቭሰል የሚወዳደራቸው አልነበረም። «አሠልጣኙ የሚለውን ትረዳላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ተጫዋቾቹ አንድም ሳይቀሩ «አንረዳም»፣ «ደስ ይላችኋል?» ለሚለው «በጣም» ብለዋል። በሌላው ሁሉ ግን ወደቁ። የሆስፒታል ተራቸው በተቀየረ ቁጥር የልምምዱ ሰዓት ስለሚቀየር ግማሹ ተጫዋች አይመጣም። የመጣውን ደግሞ ዳገት ሽቅብ እያስሮጡ ቁርጭምጭሚት ያስቀጩታል። ሽንፈታቸውን አልዘረዝርም።

ኮምፒውተሬን ዘግቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ያ የተሠራልኝ ማሞቂያ ከጉልበቴ ጋር ተያይዞ ይሞቃል። በሕይወቴ ለብዙ ሺህ ዓሣ ደረጃ ሰጥቻለሁ፤ አንዱም እራት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አያውቅም።

ለጋሼ አልነገርኳቸውም። የነገረቻቸው ልጃቸው ናት፤ ስቲረው ውስጥ ጓደኛ አላት። ሐሙስ እራት ላይ አባቷ ስለ ቅዳሜው የመጨረሻ ጨዋታ ሲያወሩ «አባዬ፣ ስድስተኛ ነህ» አለቻቸው።

«ከስንት?»

«ከስድስት።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሰሃኔን አየሁ።

«አንደኛው ማነው?»

«የነርሶቹ» አለች ልጅቷ።

«ያ ወገቡን ያመመው?»

«ያ» አለች፤ በኖርዌይኛ አዎ ማለቷ ነው።

«ሰውዬው እኮ ቤቱ ተኝቷል!»

«ያ፣ ያ፣ አባዬ፣ ግን ቁጥሩ…» ከዚህ በኋላ ያለውን በኖርዌይኛ ጨረሰችው።

ጋሼ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ታጥበው ተመለሱና በጣም በትሕትና «ልጄ፣ ስህተት የለበትም?» አሉኝ። «አራቴ ሠርቼዋለሁ ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ዘዴው ገብቶኛል» አሉ።

የገባቸው ዘዴ የታየው ቅዳሜ ነው። ጨዋታው እኩለ ቀን ላይ፣ በባቡር ሦስት ፌርማታ ርቆ ካለ ሜዳ ነበር። ልጅቷ ማልያዋን ይዛ «አባዬ እንሂድ» ብትል ጋሼ በሌሊት ልብሳቸው ሶፋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል።

«እኔ አልሄድም» አሉ። «እናንተ ሂዱ።»

እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። «ምነው፣ ወገብህን አመመህ?»

«አላመመኝም። እያሠለጠንኩ ነው።»

ልጅቷ በሩን ዘግታው ስትወጣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። እኔ መሄድ ነበረብኝ፤ የመጨረሻውን ጨዋታ መመዝገብ አለብኝ። ግን እሳቸውን በዚያ ሁኔታ ጥዬ መውጣት አቃተኝ። ልጅቷ የዚያን ቀን ተጠባባቂ ስለሆነች፣ ደውዬላት ውጤቱን ከሜዳው ዳር በስልክ እንድትነግረን ተስማማን። ተጋጣሚያቸው የንግድ ኮሌጁ ነው፤ ከዚያ በፊት አራት ለባዶ ያሸነፋቸው።

የመጀመሪያው ስልክ ጨዋታው በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ መጣ። «አንድ ለባዶ! እኛ!»

ጋሼ ከሶፋው ሊነሱ ብለው ተመለሱ። ፈገግ አሉ። ቆይቶ ፈገግታው ጠፋ። «ማን ነው ቦታ ያስያዛቸው?» አሉ ለጣሪያው።

ሁለተኛው ስልክ በእረፍት መጣ። ሁለት ለባዶ። «ምን እየበሉ ነው?» አሉ ጋሼ። እትዬ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ «እንኳን ደስ አለህ፤ ደረጃህ ከፍ አለ» አሉ። «ሴትዮ፣ ተዪኝ» አሉ እሳቸው።

ሦስተኛው ስልክ ሲመጣ ሦስት ለባዶ ሆኗል። ልጅቷ ከደስታዋ የተነሳ እየጮኸች ነበር። «አባዬ፣ እንደዚህ ተጫውተን አናውቅም! አታምንም!» ጋሼ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጡና ቁጭ አሉ።

«ይህ ለኔ ይቆጠራል?» አሉኝ።

«ይቆጠራል ጋሼ። እርስዎ ዋና አሠልጣኝ ነዎት፤ ድሉ በስምዎ ይገባል።»

«ሳልኖር ያሸነፉት በስሜ?»

«አዎ።»

«ከፍ እላለሁ?»

«እንዲህ ከጨረሱ አምስተኛ፣ ምናልባትም አራተኛ ይሆናሉ።»

«ቢሸነፉስ?»

«ስድስተኛ እንደሆኑ ይቀራሉ።»

በጣታቸው አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩ። ከዚያ «ካሸነፉ አላስፈልጋቸውም ማለት ነው። ከተሸነፉ ደግሞ መጨረሻ ነኝ» አሉ። «ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ?»

ሰንጠረዤ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ረድፍ አልነበረም። «ጋሼ፣ እኔ ኳስ አላውቅም» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ወይም ሽንኩርቱ ነው።

ድንገት ተነሱ። ከሌሊት ልብሳቸው ላይ የክረምት ካፖርታቸውን ደረቡ፤ ጫማ ማሰር ጊዜ ይፈጃል ብለው በነጠላ ጫማ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ጥቅምት ነው፤ የሰው ሁሉ ጃኬት ከዝናቡ ያንጠባጥባል። ባቡሩ ውስጥ ሰዎች እግራቸውን አይተው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ በዚህ ከተማ ሰው ሲያፍርልህ መስኮት ነው የሚያየው። ጋሼ በየፌርማታው በሩ ሲከፈት «ዝጋ! ዝጋ!» ይሉ ነበር።

ሜዳው ስንደርስ ሩብ ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። ሦስት ለባዶ እንደሆነ ነው። መጀመሪያ ያያቸው በረኛቸው ነው። እጁን አንስቶ ሰላም አለ። ከዚያ ሌሎቹ አዩ። «አሠልጣኛችን መጣ!» ብለው ግማሾቹ ወደ መስመሩ ሮጡ፤ አንዷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ጨዋታው ግን አልቆመም ነበር። ንግድ ኮሌጆቹ ባዶ ሜዳ አግኝተው አንድ አገቡ።

«ተመለሱ! ተመለሱ!» አሉ ጋሼ። ይህን ቃል አስተምረዋቸው አያውቁም፤ ስለዚህ ልጆቹ አቅፈዋቸው ቆዩ። ዳኛው በፉጨት ነው የለያያቸው።

ጨዋታው ቀጠለ። ያ ሁለት ሜትሩ ተከላካይ የዚያን ቀን እንደ ግንብ ቆሞ ነበር፤ ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ አንድም ኳስ አላለፈውም። ጋሼ ግን ከልማድ «አትተኛ!» ብለው ጮሁ። ልጁ ስሙን ሲሰማ ቦታውን ለቆ እየሮጠ መስመሩ ድረስ መጣና «አቤት? ምን ላድርግ?» አላቸው በኖርዌይኛ። በዚያ በለቀቀው ቀዳዳ ሁለተኛዋ ጎል ገባች። ሦስተኛዋን ጎል እኔም አላየኋትም፤ ጋሼ ነጠላ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ሳለ ተጠባባቂዎቹም እኔም ጫማ ፍለጋ ላይ ነበርን። ሦስት ለሦስት አለቀ።

የንግድ ኮሌጁ አሠልጣኝ ክራቫቱን እያላላ ሄደ። የእኛዎቹ ግን ዋንጫ የበሉ ይመስል ጋሼን ከነካፖርታቸው ወደ ላይ ይወረውሯቸው ጀመር። መሬት ሲነኩ ወደ እኔ መጡ፤ ፊታቸው በርቷል፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«አየሽ?» አሉኝ። «አየሽ እኔ ስኖርና ሳልኖር ያለውን ልዩነት?»

«አየሁ ጋሼ» አልኩ።

«ጻፊው!»

አልጻፍኩትም፤ ምክንያቱም የት እንደምጽፈው አላወቅኩም። አሠልጣኝ ከጨዋታው አብዛኛውን ሳይኖር፣ መጨረሻውን ከነሌሊት ልብሱ ኖሮ፣ ጨዋታው ያለ ነው የሌለ? የዶክትሬት አማካሪዬን ጠየቅኩት። ዕድሜውን ሁሉ ቅማል የቆጠረ ጭምት ሰው ነው። ለሦስት ቀን አሰበበትና «ከዓሣዎቹ ይልቅ ይህ የሚጻፍበት ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ እርዳታ አላገኘሁም።

ውጤቱ የሚነገርበት ስብሰባ አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ሆነ። አምስት አሠልጣኞች ተቀምጠዋል፤ ስድስተኛው ከወለሉ በስልክ ገብቷል፤ ስልኩ ወንበር ላይ ተቀምጦለታል። ሊቀ መንበሯ ቆቧን እንዳደረገች «አንደኛ የነርሶች ኮሌጅ» አለች።

ስልኩ መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ «ናይ፣ ናይ፣ ናይ!» አለ ሰውዬው፤ በኖርዌይኛ አይሆንም ማለቱ ነው። «እኔ በሽተኛ ነኝ! ሐኪሙ መሥራት አይችልም ብሎ ጽፎልኛል። የምድቡ ምርጥ አሠልጣኝ ከተባልኩ ምን ሊባል ነው? ለሌላ ስጡልኝ!»

የንግዱ ሰው ተነስቶ «ሁለተኛው እኔ ስለሆንኩ አንደኛነቱ ወደ እኔ ይመጣል» አለ። የሒሳቡ ሰው ሳቀ። «መሬት ላይ በተኛ ሰው ተሸንፈህ?» አለው። የእንስሳት ሐኪሞቹ ሰው ጣልቃ ገባ፤ ክርክሩ ተጋጋለ፤ በኖርዌይ ደንብ ማለት ነው፤ ሁሉም ድምፁን እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ የሥነ መለኮቱ አሠልጣኝ እጁን አነሳ። «ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ ይላል። ክብር ያለው መጨረሻው ላይ ነው። እኔ ስድስተኛውን በትሕትና እወስዳለሁ» አለ።

ይህን ሲል የሒሳቡ ሰው «እንደሱ ከሆነማ ለእኔም ይገባኛል» አለ። የእንስሳቱ ሰውም ከአራተኛነት ዝቅ ለማለት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸ። ጋሼ ይህን ሰሙ። ድንገት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ብድግ አሉ።

«ስድስተኛው እኔ ነኝ!» አሉ በአማርኛ፤ ከዚያ በኖርዌይኛ ደገሙት። «አራት ጊዜ ተሠርቶ የተረጋገጠ ነው! ልጅቷ ትመስክር! ቦታዬን ማንም አይወስድም!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው» አልኩ። «ስድስተኛ እሳቸው ናቸው።» ጋሼ አሸናፊ ሆነው ተቀመጡ።

ሊቀ መንበሯ ለአሥር ደቂቃ ብቻዋን ኮሪደር ላይ ተመላለሰች። ተመልሳ ስትመጣ፣ ማንም ሰው መጨረሻ መሆን በትሪቭሰሉ ላይ ጉዳት ስለሚያመጣ፣ አንደኛውም ስላልተቀበለ፣ ስድስቱም አሠልጣኞች በእኩል ሁለተኛ እንዲባሉ ስቲረው መወሰኑን ተናገረች። ስድስት የምስክር ወረቀት ታተመ፤ በስድስቱም ላይ «ሁለተኛ» ይላል። ከሥር ገለልተኛ መዛኝ በሚለው ቦታ የእኔ ፊርማ አለ። በስተመጨረሻ ኬክ በላን፤ ለስልኩም ቁራሽ ተቀመጠለት።

ጋሼ የምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቀሉት። እንግዳ ሲመጣ «ከጠቅላላው ሁለተኛ?» ይላል። «አዎ፣ ከአንድ በሽተኛ ቀጥሎ» ይላሉ እሳቸው። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ግን «በኛ መሃል ይቅርና፣ አሁንም ስድስተኛ ነኝ አይደል?» አሉኝ። ልዋሻቸው አስቤ ነበር። «ነዎት ጋሼ» አልኳቸው። ትከሻዬን ቸብ አድርገው «ጎበዝ። ሚዛን እንዲህ ነው» አሉኝ። ሰው እንዲህ ይኮራበታል ብዬ አስቤው የማላውቀውን ነገር ነው የሰጠኋቸው፤ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም።

በተከታዩ ጸደይ ሊንደበርግ የራሴ ትንሽ ቤት አገኘሁ። ዕቃ ልታጓጉዝልኝ የጋሼ ልጅ አራት ተጫዋች ይዛ መጣች፤ ጋሼም ሳይጠሩ መጡ። ብዙ ዕቃ የለኝም፤ አልጋዬ ግን ጠንካራ የእንጨት አልጋ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረ። ጋሼ ከላይ ቆመው «ወደ ቀኝ! ናይ፣ ወደ ግራ!» ይላሉ፤ ልጆቹ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ አቅቷቸው አልጋው ሥር ታጥፈዋል። በዚህ መሃል አንዲት አሮጊት ጎረቤት ውሻ ይዘው ከቤታቸው ወጡ፤ መውጫ የለም። አልጋውን፣ ልጆቹን፣ ውሻውን አዩና «የዚህ ኃላፊ ማነው?» አሉ።

አራቱም ልጆች በአንድ ጊዜ፣ ከአልጋው ሥር እጃቸውን አውጥተው ወደ ጋሼ ጠቆሙ።

 ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ አሮጊቷን እጅ ነሡ። ከዚያ ውሻውን አቅፈው በአልጋው ላይ አሻገሩላቸው።

አልጋው ግን አልገባም። ሁለት ሳምንት ፍራሽ ላይ ተኛሁ፤ በኋላ አንድ እግሩን በመጋዝ ቆርጠን አስገባነው።